በሦስተኛው ቀን የሚቆም እስፖርት፦ ችግሩና መፍትሄው

ውሃ ጠጡ፣ ሆዳችሁ ሞልቶ አትሥሩ፣ መጀመሪያ ሰውነታችሁን አፍታቱ የሚለውን አልደግመውም። የማያውቀው የለም። እኔ ደሴ ውስጥ፣ ግቢያችን ላይ፣ ጎረቤቶቼን ጠዋት ጠዋት አሠራለሁ። ጂም አይደለም። አንድ ምንጣፍ፣ ሁለት ዱካ፣ ባለ5 ሊትር ጀሪካን፣ አለቀ። «እስፖርት ለኔ አልሆነም» የሚለኝ ሰው ችግሩ ሲጠየቅ ከአራት አምስት ነገር አያልፍም። ከእነሱ ውስጥ አንዱ ግን በየወሩ ይመጣብኛል።

ደረጃ መውረድ አቃተኝ

ሰኞ በሞቅታ ይጀመራል። ማክሰኞ ጭን ይከብዳል። ረቡዕ ሽንት ቤት ለመቀመጥ ግድግዳ መያዝ ነው። ዳገቱ እንደምንም ይወጣል፣ ጉዱ ቁልቁለቱ ላይ ነው፣ ደሴ ላይ ደግሞ ቁልቁለት የሌለበት ሰፈር ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ሐሙስ ሰውየው የለም። ስልኩንም አያነሳም።

ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ጥፋቱ ያለው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። ጡንቻ ክብደት እንደተሸከመ ሲለጠጥ፣ ለምሳሌ ቁጭ ብድግ ስትሠሩ ወደ ታች ስትወርዱ፣ ውስጡ በጥቂቱ ይጎዳል። ካልለመደ ደግሞ ይብስበታል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚበረታው። ቁልቁለት የሚያሰቃየውም ለዚህ ነው፤ ስትወርዱ ጭናችሁ ያንኑ ሥራ ይደግማል። «አሲድ ተጠራቅሞ ነው» የሚሉትን ተዋቸው። እነሱ የሚሉት ነገር እኮ ሥራ ካቆማችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከጡንቻ ይጠረጋል፣ እስከ ረቡዕ አይጠብቃችሁም። ስቅለት ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ የዋለ ሰው በማግስቱ እንዴት እንደሚራመድ አይታችኋል አይደል? ያው ነው።

ጎረቤቴ አንድ ጋሼ አሉ፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር። የልጃቸው ስልክ ላይ ቪዲዮ አይተው፣ እኔን ሳይጠይቁ፣ በአንድ ጠዋት 100 ቁጭ ብድግ ሠሩ። በሦስተኛው ቀን ሶላት ላይ ሱጁድ ወርደው መነሳት አቃታቸው፣ አጠገባቸው ያለው ሰው ደግፎ አነሳቸው። «አንተ ልጅ፣ ገደልከኝ እኮ!» አሉኝ። ቪዲዮውን እኔ የሠራሁት ይመስል። «አብሽሩ ጋሼ፣ ያልፋል» ብዬ ሸኘኋቸው። እሳቸው ግን ወጌሻ ጋ ሄደው ታሹ፣ ተጎተቱ፣ በሳምንት የሚያልፈው ነገር ሦስት ሳምንት አስተኛቸው። ወጌሻን አልሰድብም፣ ለዚህ ግን አይደለም።

እኔም ንጹህ አይደለሁም። መጀመሪያ የጀመርኩ ሰሞን 11 ሰው ሰብስቤ፣ ጉራ ይዞኝ፣ አራት ዙር አሠራኋቸው። በማግስቱ የመጡት ሦስት ናቸው። «የደሴ ሰው ቡናና ወሬ እንጂ ሌላ አይወድም» ብዬ ሳማ ከረምኩ። በኋላ ነው የገባኝ።

መፍትሄው ያሳፍራል፣ ያን ያህል ቀላል ነው። አስር መሥራት የምትችሉትን አምስት ሥሩ። የመጀመሪያው ቀን ይህ ነው፦ ከወንበር 8 ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ 8 ፑሽአፕ፣ በጉልበት ተንበርክኮ 15 ሰከንድ ፕላንክ (በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)። ሁለት ዙር። ስትጨርሱ «እንዴ፣ ይኸው ነው?» ካላችሁ ልክ ነው። ካላላችሁ በዝቷል። በማግስቱ እረፍት። ሁለት ሳምንት ምንም አትጨምሩ፣ ጀግንነቱ ቢመጣባችሁም አትጨምሩ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት። ወንበሩ ከቀለለ ዱካ ላይ ቁጭ ብድግ በሉ፣ ዱካው ከቀለለ ጀሪካኑን እቀፉ።

አሁን ታማችሁ ለምታነቡት፦ አትተኙ፣ ሜዳ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ጦሳ ተራራ ውጡ አላልኩም፣ ሜዳ ነው ያልኩት። ዳይክሎፈናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየገዛችሁ አትዋጡ፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ሽንታችሁ ኮካ ወይም የጠቆረ ሻይ ከመሰለ፣ ወይም ጡንቻችሁ ክፉኛ ካበጠ ግን ይሄን ጽሑፍ ተዉትና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊት ሲያውክ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ነገ አይባልም።

ትንፋሽ ያጥረኛል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ አየሩ ስስ ነው። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ከዚያ ለእንግድነት የመጣ ሰው ገመድ ሲዘል ቶሎ ቢደክመው አይገርምም። መለኪያው ይህ ነው፦ እየሠራችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መንዙማ ማዜም ግን ካቃታችሁ፣ ልክ ላይ ናችሁ። ማውራትም ካቃታችሁ ቀንሱ። ትንፋሽ ይዛችሁ አትሥሩ፣ በተለይ ደም ግፊት ያለባችሁ። ደረታችሁን ካጨነቃችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ አቁሙ። ሐኪም።

ጉልበቴ

ቁጭ ብድግ ስትሉ ካመማችሁ አብዛኛውን ጊዜ ተረከዝ ከመሬት ተነስቷል ወይም ጉልበት ወደ ውስጥ ገብቷል። ወንበር ከኋላችሁ አድርጉና መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ውረዱ። ጉልበቱ ካበጠ ግን የአሠራር ጉዳይ አይደለም፣ አሳዩት።

አንድ ወር ሠራሁ፣ ቦርጬ እንዳለ ነው

እሱማ ይኖራል። ሲትአፕ የሆድ ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር እየጠጣችሁ ደግሞ ስንት ሲትአፕ ይበቃል? ያን «ቦርጭ አጥፊ» ቀበቶ የገዛችሁ ሰዎች በጣም ነው የምታናድዱኝ። ላብ ነው የሚያወጣው፣ ውሃ ስትጠጡ ኪሎው ተመልሶ ይመጣል። በገንዘቡ እንቁላል ግዙበት።

ለውጡ መጀመሪያ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። እንቅልፍ ይሻሻላል። ከፒያሳ ወደ ቤት ያለው ዳገት ያጥራል። ከርመው ደግሞ ደም ግፊትና ስኳር ላይ ታዩታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከሱ ጋር በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ይላል። ድሮ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይባል ነበር፣ ያ ቀርቷል። ስለዚህ ቡናው እስኪፈላ የምትሠሩት አምስት ደቂቃም ይቆጠራል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የእጅ አንጓ በፑሽአፕ ካመመ እጃችሁ ከትከሻ ቀድሟል፣ ወደ ኋላ መልሱት። ከምንጣፍ ስትነሱ ካዞራችሁ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ስኳር ወይም ከረሜላ ኪሳችሁ ይኑር፣ ረመዳን ላይ ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ጾማችሁ አትሥሩ። ርካሽ የመለጠጫ ላስቲክ ሲበጠስ ፊት ነው የሚመታ፣ የተሰነጠቀ ካለ ጣሉት። የጀሪካኑን ክዳን ደግሞ አጥብቁ፣ የእናቴ ምንጣፍ ሁለቴ ርሶ እስካሁን ይወራብኛል።