ለሳፋሪ ራሊ ከአዲስ አበባ ናይቫሻ፦ መኪናን ለመንገድ ማዘጋጀት

በ1953 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2021 ወደ ዓለም የራሊ ሻምፒዮና የተመለሰውንና ናይቫሻ ከተማ አካባቢ የሚካሄደውን የኬንያ ሳፋሪ ራሊ የመኪና ውድድር ለማየት በመኪና የሚነሣ ሰው፣ በመንገድ ከሚያጋጥመው ብልሽት ብዙውን ገና ከመሀል ከተማ ሳይወጣ ሊያስቀረው ይችላል። ሶማሌ ተራ ወርዶ ትርፍ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ የራዲያተር ቱቦና ፊውዝ መግዛት፣ ከዚያም ጎሚስታ ዘንድ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አስወርዶ ነፋሱን ማስለካት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ስኮርታውን ነውና።

ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱ ስለሚበረታ የሞተሩን ሙቀት መለኪያ መከታተል ያስፈልጋል። ቀስቱ ወደ ቀዩ ካዘነበለ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት እንጂ የራዲያተሩን ክዳን በፍጹም መክፈት አይገባም፤ ታምቆ የቆየው የፈላ ውሃ ፊትን ይልጣል። ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ወፍራም ጨርቅ ደርቦ ክዳኑን ቀስ እያሉ ማላላት፣ የቀረው እንፋሎት ሲወጣም ውሃውን ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው።

የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ የሚባለውን ድንበር ተሻጋሪ የመኪና ኢንሹራንስ ሞያሌ ከመድረስ በፊት ማውጣት ይበጃል። ኬንያ ውስጥ የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ ድንበሩን በቀን ብርሃን እንዲሻገሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ናይቫሻ አካባቢ ያለው አቧራ እጅግ የላመ በመሆኑ ከመመለስዎ በፊት የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ያራግፉ።