«ከአምስት አንዱ» የተባለው ማን ነው? የክፍት ትዳር ጥናቶችን ስንጠቅስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባልና ሚስት ተነጋግረው፣ ተስማምተው፣ አንዳቸው ለሌላው ከትዳር ውጭ ግንኙነት ስለሚፈቅዱበት ኑሮ («ክፍት ትዳር» ስለሚባለው) በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ተጠንቷል። ጥናቶቹ ወደ እኛ የሚደርሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ በወሬ ነው። ደጋፊውም ነቃፊውም ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላጤውን ባለትዳር ማድረግ

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። «ከአምስት አሜሪካውያን አንዱ ክፍት ግንኙነት ውስጥ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ምንጩ በ2017 የታተመ ጥናት ነው። በሁለት ናሙና ከ8,700 የሚበልጡ ሰዎች ተጠይቀው በሁለቱም ከ21 በመቶ በላይ የሚሆኑት «አዎ» ብለዋል። የተጠየቁት ግን ላጤዎች ናቸው። ጥያቄውም «አሁን እንዲህ እየኖርክ ነው?» ሳይሆን «በሕይወትህ አንድ ጊዜ እንኳ ሞክረህ ታውቃለህ?» የሚል ነበር። በሃያ ዓመቱ ለሦስት ወር የሞከረው ሰው ዛሬ አርባ ሞልቶት ብቻውን ቢኖርም ከ«አምስት አንዱ» ውስጥ ይቆጠራል።

ሕዝቡን እንዲወክል በተመረጠና የአሁኑን ኑሮ በሚጠይቅ ጥናት ላይ ቁጥሩ ወዲያው ይወርዳል። በ2012 በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ 4 በመቶ ገደማ ነው፤ በ2019 በታተመ የካናዳ ጥናትም አጋር ካላቸው ሰዎች መካከል 4 በመቶ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ባለትዳሩን ካልተጋቡት ጋር ደርበው የቆጠሩ ናቸው።

ፈቃድን እንደ ድርጊት መቁጠር

ፊሊፕ ብሉምስታይንና ፔፐር ሽዋርትዝ የተባሉ የሲያትል ሶሲዮሎጂስቶች በ1983 ባወጡት ትልቅ ጥናት፣ ከተጋቡት ጥንዶች 15 በመቶ የሚሆኑት በሆነ ሁኔታ ውጭ መሄድ እንደሚፈቀድ መግባባት ነበራቸው። በር አልተቆለፈም ማለት ግን ሰው ወጥቷል ማለት አይደለም።

ከጣውንት ጋር ማምታታት

«ይህማ እኛም አገር የኖረ ነው» የሚል አይጠፋም። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡት ሴቶች 11 በመቶ ገደማ ጣውንት እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ በርግጥም የኖረ ነው። ግን እዚያ በልማዱ ሌላ የመጨመር መብት ያለው ባል ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሚስት ብትስማማም ለእርሷ የሚፈቀድላት ተመሳሳይ ነገር የለም። ጥናቶቹ የሚያወሩት ፈቃዱ ለሁለቱም ስለሆነበት ኑሮ ነው።

«ልዩነት አልተገኘም» የሚለውን «ልዩነት የለም» ብሎ ማንበብ

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በ2025 የወጣ ሥራ 35 ጥናቶችንና ከ24,000 በላይ ሰዎችን ደምሮ በግንኙነት እርካታ ረገድ አንድ ለአንድ በሚኖሩትና ተስማምተው ግንኙነታቸውን ክፍት ባደረጉት መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ጥሩ። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ጥናቶች በአብዛኛው ሰውን አንድ ጊዜ፣ ያውም አሁን በዚያ ኑሮ ውስጥ እያለ የሚጠይቁ ናቸው። ሞክሮ ትዳሩ የፈረሰበት ሰው መጠይቁ አይደርሰውም። ዕጣ የወጣላቸውን ብቻ ጠይቆ ሎተሪ ያዋጣል እንደማለት ነው። (ፍርዱ ለሁለቱም ወገን ይሁን፤ በአንድ ለአንድ ኖረው የተፋቱትም ከስሌቱ ውጭ ናቸው።)

ታዲያ ጊዜ ወስዶ መከታተል ይሻላል። ሩቢንና አዳምስ የተባሉ አጥኚዎች በ1986 ያሳተሙት ይህንኑ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ከክፍቶቹ ጥንዶች 68 በመቶ፣ አንድ ለአንድ ከሚኖሩት 82 በመቶ አብረው ነበሩ። ነቃፊ 14 ነጥቡን ያነሳል። ደጋፊ አጥኚዎቹ «ጉልህ ልዩነት የለም» ማለታቸውን ያነሳል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ጥንዶቹ መቶ እንኳ ስላልሞሉ እንዲህ ያለው ክፍተት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። እኔ ከዚህ ጥናት ተነስቼ ለማንም አልፈርድም።

በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ግንኙነታቸውን ለመክፈት ያሰቡ 233 ሰዎችን ተከታትሎ፣ የከፈቱት በወሲብ ሕይወታቸው ይበልጥ ረክተው አገኛቸው፤ በግንኙነታቸው ጥራት ግን ለውጥ አልታየም። ክትትሉ ሁለት ወር ነበር። በትዳር ዕድሜ ሁለት ወር ምን አላት?

መልስ የሰጠውን ሰው አለማየት

ኤሊዛቤት ሼፍና ኮሪ ሃመርስ የተባሉ አጥኚዎች በ2011 ባሳተሙት ሥራ፣ ስለ ክፍት ግንኙነትና ከተለመደው ስለወጣ ወሲብ የተሠሩ 36 ጥናቶችን ሲመረምሩ ተሳታፊዎቹ በብዛት ነጮች፣ የተማሩና የመካከለኛ መደብ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ አይገርምም፤ ሥራውን ወይም የልጅ አሳዳጊነቱን እንዳያጣ የሚፈራ ሰው መጠይቅ አይሞላም። ዋሽንግተን ስላለ የሀበሻ ባለትዳር ከእነዚህ ቁጥሮች ተነስቶ መናገር መገመት ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ከጥንዶቹ አንዱ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ሲጠየቁ፣ አንዱ «ተስማምተናል» ሌላው ደግሞ «እንዲህ ያለ ነገር ተነጋግረን አናውቅም» ያሉባቸው ጥንዶች አጋጥመዋል። እነዚህን ከየትኛው ረድፍ እንደሚመድቧቸው አጥኚዎች ራሳቸው አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ «በስምምነት» የሚል ቁጥር ስታዩ ስምምነቱን ያረጋገጠው አንድ አፍ ነው ወይስ ሁለት ብላችሁ ፈልጉ።