ሲጢጥ የሚለው የሊፍት ቺንጋ

ሊፍቱ ሲነሳና ሲቆም ሲጢጥ ይል ነበር። የሚሠራው በክብ ሽቦ ገመድ ሳይሆን በጠፍጣፋ ቺንጋ ነው፤ ውስጡ ቀጫጭን የብረት ገመዶች፣ ላዩ ጥቁር ፖሊዩሬቴን (እንደ ጎማ ያለ ፕላስቲክ)።

ጥበቃው "ኢንጂነር፣ ግራሶ ብትቀባውስ?" አሉኝ። "ኧረ ጋሼ፣ እንዳያስቡት!" ቺንጋው ፑሌጃውን፣ ማለትም የሚጠመጠምበትን መንኮራኩር፣ የሚይዘው በሰበቃ ነው። ግራሶ ከነካው ይንሸራተታል።

ኃይሉን አጥፍቼ፣ ማንም እንዳይነካው ቆልፌ፣ በባትሪ አየሁት። አንዱ ቺንጋ ከፑሌጃው መሃል ወደ ጎን ሸሽቷል። ጠርዙ እየተፋተገ ጥቁር ዱቄት አራግፏል። ጫፉ ላይ ያለውን ሞላ ስለካው ከሌሎቹ ረዝሟል፤ ሞላው ቺንጋው ሲወጠር የሚጨመቅ ስለሆነ፣ ቺንጋው ላልቷል ማለት ነው።

ዳዶውን በትንሽ በትንሹ አጠበቅኩ። ሊፍቱን በጥገና ፍጥነት ላይ ታች አመላልሼ ደግሜ ለካሁ። ሞላዎቹ እኩል ሆኑ፣ ቺንጋው ግን አሁንም ይሸሻል። የፑሌጃውን ዘንግ በውሃ ልክ ሳየው ለካ አዘንብሏል! ጭነቱን ከቺንጋዎቹ ላይ አንስቼ፣ ከሥሩ ስስ ላሜራ አስገብቼ አቃናሁት። ፑሌጃውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ። ጩኸቱ ጠፋ።

ደግነቱ ፖሊዩሬቴኑ አልተላጠም። ብረቱ ቢታይ ኖሮ ቺንጋውን መቀየር ግድ ነበር። ውስጥ ለውስጥ የተበጠሰ ሽቦ ግን በዓይን አይታይም፤ በገመዶቹ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ሬዚስታንሱን (ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገቱት) መለካት ያስፈልጋል።