የጥንት አፈ ታሪኮችን የጋራ ምንጭ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በስሞች መመሳሰል ነው። እንግሊዛዊው ጃኮብ ብራያንት ከ1774 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተማቸው ሦስት ቅጾች የአሕዛብን አማልክት በዚሁ መንገድ ወደ ኖኅና ወደ ካም ዘሮች ሲመልስ ኖሯል፤ ዛሬ የሚከተለው የለም።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን መረጃ ሰጪውን የምንሻውን መልስ አስቀድሞ ማስጠናት ነው። የቤንጋል ጦር መሐንዲስ የነበረው ፍራንሲስ ዊልፎርድ በሕንድ ከተማ በቤናሬስ ተቀምጦ የመጽሐፍ ቅዱስንና የግሪክን ታሪኮች ለፓንዲቱ (ለሂንዱው የሳንስክሪት ሊቅ) ይተርክለት፣ የሚመስላቸውንም ፑራና ከሚባሉት ጥንታዊ የሂንዱ መጻሕፍት እንዲያወጣለት ይጠይቀው ነበር። ፓንዲቱም አላሳፈረውም። በ1792 የታተመው የዊልፎርድ ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያን ዓባይ ሳይቀር ከሕንድ መጻሕፍት አገኘሁ የሚለው፣ ሸርማ፣ ቻርማና ጅያፔቲ የተባሉ ሦስት ልጆች ያሉትን ንጉሥ ሳትያቭራታን ይዞ ወጣ፤ ንጉሡ ሰክሮ ሳለ የሳቀበትን ልጁን መርገሙም አልቀረም። ታላቁ የሳንስክሪት ሊቅ ዊሊያም ጆንስ እንኳ ታሪኩን አምኖ ተረጎመው። በኋላ ዊልፎርድ የተሰጠውን ከዋናዎቹ ቅጂዎች ጋር ሲያስተያይ ስሞች ተለውጠው፣ አዳዲስ ገጾች ገብተው አገኘ። ፓንዲቱ ተቆጥቶ አሥር ብራህሚኖችን (የሂንዱ ካህናትን) ለመሐላ ይዞ ቢመጣም ነገሩ ተገልጦ ነበር፤ ዊልፎርድም መታለሉን በ1805 አሳትሞ አሳወቀ። ሰው ሁሉ ፓንዲቱን ይወቅሳል፤ እኔ ግን ጠያቂውን አብልጬ እወቅሳለሁ፤ መልሱን በጥያቄው ውስጥ ያቀበለው እርሱ ነውና። ዛሬም መቅረጸ ድምፅ ይዘው ሽማግሌ ፊት እየተቀመጡ «የጥፋት ውኃ ታሪክ አላችሁ አይደል?» የሚሉ አሉ። ዝም ብሎ «ከዚያስ?» ማለት ይበቃል።

የቅጂውን ዕድሜ ከታሪኩ ዕድሜ ጋር አታምታቱ።

የጎርፍ ታሪክ በሁለት ሕዝቦች ዘንድ መገኘቱም ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም፤ ጎርፍ ያየ ሁሉ ሊተርከው ይችላል። ክብደት ያለው የዝርዝሮቹ መያያዝ ነው። ጆርጅ ስሚዝ በ1872 በብሪቲሽ ሙዚየም ባነበበው የነነዌ ሸክላ ጽላት ላይ መርከቡ ተራራ ላይ ያርፋል፣ ወፎች በተራ ይለቀቃሉ፣ አማልክቱም የመሥዋዕቱን መዓዛ ያሸትታሉ፤ ከዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ጋር ያለው ቅርበት በአጋጣሚ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን በጽላቱ ቀድማ የምትለቀቀው ርግብ ስትሆን ቁራው መጨረሻ ነው፤ በዘፍጥረት ቁራው ይቀድማል። መመሳሰሉን ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህንን ይዘለዋል፤ የግብፅንም እንዲሁ። ዓባይ በየዓመቱ ያጥለቀልቃት በነበረችው አገር የሰው ልጅን የምታጠፋው የፀሐይ አምላኩ ራ የላካት ሴት አምላክ እንጂ ውኃ አይደለም፤ የምትቆመውም ደም መስሎ የቀላ ቢራ ጠጥታ ስትሰክር ነው።