አባባ ተስፋዬን ከልጆች ጋር እንዴት እናስታውሳቸው

አባባ ተስፋዬ ያረፉበት ሐምሌ 24 በደረሰ ቁጥር ፎቷቸውን ፖስት አድርገን ነፍስ ይማር ብለን እናልፋለን፣ እኔም ሁለት ሦስት አመት እንደዛ ነው ያደረግኩት፣ ግን 42 አመት ሙሉ ቲቪ ላይ ለልጅ ተረት ሲያወሩ የኖሩ ሰው እኮ ናቸው፣ ልጅ ሰብስቦ ተረት ማውራት ነው እንጂ የሚያስፈልገው ፎቶ ምን ይሰራል። ስለዚህ እኛ ቤት የምናደርገውን ልንገራችሁ፣ የፈለጋችሁትን ውሰዱ።

ቀኑን ቀድማችሁ ያዙ። ውጭ ላላችሁ ጁላይ 31 ነው፣ ያረፉት በ2009 ነው በፈረንጅ 2017 ማለት ነው፣ 94 አመታቸው ነበር። አገር ቤትም ውጭም ትምህርት የተዘጋበት ጊዜ ስለሆነ ልጆቹን ማግኘት አይከብድም።

ልጆቹ መጀመሪያ "ማናቸው?" ነው የሚሏችሁ። እዚህ ጋ ረጅም የህይወት ታሪክ አታንብቡባቸው፣ ይሰለቻሉ። ተስፋዬ ሳህሉ ይባላሉ፣ ከቲቪ በፊት የቲያትር ሰው ነበሩ፣ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር (ይሄን ስነግራቸው ሁሌ አይናቸው ይፈጣል፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ይጠይቋችሁ)፣ ኮሪያ ድረስ ሄደው ለዘመቱት ወታደሮቻችን ትርኢት አሳይተዋል፣ ከዛ በ1957 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር የልጆችን ፕሮግራም ያዙ። በቃ ይሄ ይበቃል።

ዋናው ተረቱ ነው። ከመፅሀፍ ወይ ከስልክ እያያችሁ እንዳታነቡ፣ እሳቸው ካሜራውን ሲያዩ እኛን የሚያዩን ነበር የሚመስለን፣ "ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች" ሲሉ እኔን ነው የጠሩኝ ብዬ ቀጥ ብዬ ነበር የምቀመጠው። እናንተም አይን አይናቸውን እያያችሁ አውሩ፣ ለዛ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ለብቻችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። እኔ የምመርጠው የአህያዋን ልብ ነው፣ አህያ አንዴ ከአንበሳ አምልጣ እንደገና ተታላ ትመለሳለች፣ አንበሳው ይገድላታል፣ ልቧን ጦጣ ቀድማ ትበላና አንበሳው የት ሄደ ሲላት "ልብ ቢኖራትማ መች ተመልሳ ትመጣ ነበር" ትላለች። አጭር ነው፣ ድምፅ ለመቀያየር ይመቻል፣ አንበሳውን ወፍራም አድርጉት ጦጣዋን ቀጠን ፈጠን። አማርኛ ብዙ የማይሰሙ ልጆች ካሉ ወደ እንግሊዝኛ አትቀይሩት፣ በእጅና በፊት አሳዩአቸው፣ ያልገባቸውን ራሳቸው ይጠይቃሉ። ስትጀምሩ "ተረት ተረት" ስትሉ "የላም በረት" ብለው እንዲመልሱ አስቀድማችሁ አስተምሯቸው፣ ይሄን አትዝለሉት።

ከዛ ትልልቆቹ ይናገሩ። አያት ካለች አጠገቧ ስልክ አስቀምጣችሁ ቅረፁ፣ ሩቅ ከሆነች በቪዲዮ ኮል። "አባባ ተስፋዬን ታስታውሻለሽ?" ካላችኋት አዎ ብላ ዝም ነው የምትለው፣ ይልቅ ቲቪው የማን ቤት ነበር፣ ስንት ልጅ ይገባ ነበር፣ በር ላይ ጫማ ታስወልቁ ነበር ወይ፣ በሉ። አመቱን ካላወቀች በጥቁርና ነጭ ነው ወይስ በከለር ያየሽው ብላችሁ ጠይቁ፣ የከለር ስርጭት የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ስለሆነ በከለር ነው ካለች ከዛ ወዲህ ነው። የተቀረፀውን ፋይል ስምና ቀን ፅፋችሁበት ለቤተሰቡ ሁሉ ላኩ፣ አንድ ስልክ ላይ ብቻ ከተቀመጠ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ እኔ የአክስቴን ድምፅ ያጣሁት እንደዛ ነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የድሮ ቪዲዮ ኦንላይን ካገኛችሁ ከተረቱ በኋላ እንጂ በፊት አታሳዩ። ስክሪን አንዴ ከተከፈተ ልጅ አይመለስም።

ዳቦ ግን እንዳትረሱ፣ ድፎ ከሆነ በጣም አሪፍ፣ ካልሆነ የሱቅ ዳቦም ይሆናል። ተረቱ ሲያልቅ "ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ" ስትሉ ትንሿ ልጅ ቆርሳ ታጉርሳችሁ፣ ቀጥሎ ተረት መንገር የፈለገ ልጅ ካለ ደግሞ እናንተ ወለሉ ላይ ቁጭ በሉና እሱ ወንበሩን ይያዝ።