በትንሽ የጥብቅና ቢሮ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» የሚል ሰው እንዴት ይመደባል?

አዳማ ያለው ቢሯችን አራት ሰው ነው። ሁለት ጠበቃ፣ አንዲት ጸሐፊ፣ አንድ ተላላኪ። ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው ሕግ የባንኮች ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኛንም ጠበቆችን ይመለከታል።

መጀመሪያ መዝገቦቻችሁን ለሁለት ክፈሉ። ፍርድ ቤት የሚቆም ክርክር ለብቻው ይቀመጥ። ቤት መግዛትና መሸጥ፣ ድርጅት ማቋቋም፣ የደንበኛ ገንዘብ መያዝ ደግሞ ለብቻው። ኤፍ ኤ ቲ ኤፍ የሚባለው፣ ሕገወጥ ገንዘብን ለመከላከል መስፈርት የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ተቋም፣ ጠበቃ ደንበኛውን እንዲያጣራ የሚጠብቀው በዚህኛው ሥራ ላይ ነው። ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በክትትል ዝርዝሩ አስገብቷት ነበር።

ቀጥሎ ጠያቂ መድቡ። አስቸጋሪው ይሄ ነው። ደንበኛውን ያመጣው ሰው በፍጹም ጠያቂ አይሁን።

እኔ ሆኜ አይቼዋለሁ። ጋሼ የምለው የአጎቴ ወዳጅ ውክልና ይዞ መጣ። ቤት የሚገዛው ውጭ አገር ላለ ሰው ነው። ይሉኝታ ያዘኝና ምንም ሳልጠይቅ ውሉን ጻፍኩ። ክፍያው ሲመጣ ግን ከገዢውም ከወኪሉም ሳይሆን ከማናውቀው ሰው ሂሳብ ነው። ባንኩ ጥያቄ አነሳ፤ እኔ መልስ የለኝም። ሻጩ ለሳምንታት ጠዋት ማታ ደወለልኝ። ጸሐፊያችን ለካ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠርጥራ ኖሯል። ማን ጠይቋት!

አሁን የምትጠይቀው እሷ ናት። ካልጣማት መዝገብ አይከፈትም፤ ጠበቃም አይሽረውም። ደመወዟንም ጨመርን። ኃላፊነት ሰጥቶ ደመወዝ አለመጨመር ሥራውን ለይስሙላ ያደርገዋል።

አጠያየቋ ቀላል ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉንም ደንበኛ ነው የምንጠይቀው።» ይህ የሚሠራው እውነት ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ዘመድ ካለፋችሁ አበቃ።

ሶፍትዌር አትግዙ። ለእኛ ዓይነት ቢሮ አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃል፦ ደንበኛው ማን ነው፣ ከውክልናው ጀርባ ማን አለ፣ ገንዘቡ ከማን ሂሳብ ይመጣል። መታወቂያ ኮፒ ማድረጉን አልነግራችሁም።

አጠራጣሪ ነገር፣ እንዲህ ያለውን ጥቆማ ለሚቀበለው የመንግሥት ተቋም ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ከተነገረ ደግሞ ደንበኛው ማወቅ የለበትም። ስለዚህ ቡና ላይ የደንበኛ ስም ማንሳት አቁመናል። ተላላኪያችን እስካሁን ያኮርፋል።