ቆሻሻው ዋጋ ሲኖረው፦ የፕላስቲክ ብክለትን በገበያና በዓለም አቀፍ ስምምነት እንዴት መቀነስ ይቻላል

ፕላስቲክ ርካሽ የሚመስለው ሒሳቡ ተሠርቶ ስላላለቀ ነው። አምራቹ የጥሬ ዕቃውን ይከፍላል፤ ገዢው የዕቃውን ይከፍላል። የውሃ መውረጃ ቦይ ሲደፈን፣ የዓሣ መረብ ከረጢት ይዞ ሲወጣ፣ የከተማው መጣያ ሞልቶ ሌላ መሬት ሲፈለግ የሚወጣው ወጪ ግን በማንም ደረሰኝ ላይ የለም። በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓለም 460 ሚሊዮን ቶን ያህል ፕላስቲክ ተጠቅማለች። በዚያው ዓመት ከተጣለው ውስጥ ተመልሶ ጥሬ ዕቃ የሆነው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

ይህን ለማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ የሚሞከረው ሰውን መምከር ነው። ምክር አይጠላም፤ ዳሩ ግን ለዓመታት ሲመከር የኖረ ሰው ዋጋው ሲለወጥ ልማዱን በወራት ውስጥ ሲተው ታይቷል። የሚከተለው ቅደም ተከተል በከተማ ምክር ቤት፣ በማኅበር ወይም በመሥሪያ ቤት ሆኖ የመፍትሔ ሐሳብ ለሚያረቅ፣ አለዚያም ሌሎች ያረቀቁትን መመዘን ለሚሻ ሰው የተዘጋጀ ነው።

1. ቆሻሻውን በሦስት ክምር ይክፈሉ

ብዕር ከማንሳትዎ በፊት ሚዛን ያንሡ። ከጥቂት ቦታዎች የአንድ ሳምንት ቆሻሻ ሰብስቦ መመዘን ብዙ የስብሰባ ክርክር ያስቀራል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ከተጣለ በኋላ የሚገዛው አለ? ከመጀመሪያውስ ያለ እርሱ መኖር ይቻላል? ቀለም የሌለው የመጠጥ ጠርሙስ ንጹሕ ሆኖ ከተሰበሰበ ገዢ አያጣም፤ ይህ አንደኛው ክምር ነው። ፌስታልና የመሳሰለው ለደቂቃዎች አገልግሎ ይጣላል፤ ባይኖርም ብዙ ሰው ሌላ መላ አያጣለትም፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ገዢም የሌለው፣ በቀላሉም የማይቀረው ነው። ፕላስቲክና አሉሚኒየም ተደራርበው የተጣበቁበት ስስ ማሸጊያ እዚህ ይገባል። ለሦስቱም አንድ መድኃኒት የሚያዝ ረቂቅ ካጋጠመዎ በጥርጣሬ ያንብቡት።

2. ገዢ ላለው ዕቃ የመያዣ ገንዘብ ያስቡ

አሠራሩ የቆየ ነው፦ ጠርሙሱን ሲገዙ መያዣ ይከፍላሉ፣ ሲመልሱ ገንዘብዎን ይቀበላሉ። ጀርመን ከ2003 ጀምሮ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት በሚውሉ የመጠጥ ዕቃዎች ላይ 25 የዩሮ ሳንቲም ታስይዛለች። ሊትዌኒያ በ2016 በ10 ሳንቲም ጀመረች። ቀደም ሲል ከጠርሙሶቿ ሲሶ ያህሉን ብቻ ትሰበስብ የነበረች አገር በሁለት ዓመት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ መሰብሰብ ቻለች። ሕዝቡ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ሥነ ምግባር ተምሮ አይመስለኝም። አንዱ ቸል ብሎ የጣለውን ጠርሙስ ሌላው ጎንበስ ብሎ ማንሣቱ የሚያዋጣ ሆነ፣ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ውሳኔዎች ሥራውን ያቃናሉ ወይም ያበላሻሉ። የመጀመሪያው የመያዣው መጠን ነው፤ ካነሰ ማንም አይጎነበስለትም፣ ከበዛ ደግሞ ለማጭበርበር ይጋብዛል። ጎረቤት አገር መያዣ ከሌላት መያዣ ያልተከፈለባቸው ጠርሙሶች በጭነት መኪና መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ መለያ ምልክት ታትሞበት በማሽን የሚነበብ፣ አንድ ጊዜ ከተመለሰ በኋላ የሚሰረዝ አሠራር ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ጠርሙስ የሚረከበው ሱቅ ለቦታውና ለድካሙ ክፍያ ማግኘቱ ነው፤ አለዚያ “ማሽኑ ተበላሽቷል” የሚል ወረቀት በየበሩ ይለጠፋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ነው፦ ሳይመለስ የቀረው ጠርሙስ መያዣ ለማን ይገባል? ገንዘቡ ለአምራቾቹ የሚቀር ከሆነ ሰው ጠርሙስ ባለመለሰ ቁጥር እነርሱ ያተርፋሉ፤ የመመለሻ ቦታውን ሩቅና አስቸጋሪ ማድረግ ያዋጣቸዋል ማለት ነው። ኖርዌይ ነገሩን ገልብጣዋለች። በመጠጥ ዕቃዎች ላይ የአካባቢ ታክስ ትጥላለች፤ የሚሰበሰበው ድርሻ ባደገ ቁጥር ታክሱ ይቀንሳል፤ 95 በመቶ ሲደርስ ጨርሶ ይቀራል። አምራቹ ሳይለመን ሰብሳቢ ሆነ። ካየኋቸው የፕላስቲክ ሕጎች ሁሉ ለእኔ ብልሁ ይህ ነው።

ከቆሻሻ ፕላስቲክ ለቅመው በመሸጥ የሚተዳደሩ ሰዎች ባሉበት ቦታ አሠራሩ ሲነደፍ በጠረጴዛው ዙሪያ ሊቀመጡ ይገባል። የትኛው ዕቃ በስንት እንደሚሸጥ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ቁልፍ ያለው መሰብሰቢያ ሣጥን በየመንገዱ ተተክሎ እንጀራቸው ቢዘጋ ደግሞ ከተማው ያለ ደመወዝ ሲያገለግለው የኖረውን ሠራተኛ ያጣል።

3. ሊቀር ለሚችለው ዕቃ ዋጋውን እጅ ላይ ያስቀምጡ

አየርላንድ በመጋቢት 2002 በአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም አስከፈለች። በዓመት ለአንድ ሰው 328 እንደሚደርስ ይገመት የነበረው አጠቃቀም ወደ 21 ወረደ። ገንዘቡ ለአገሬው ሰው ከባድ አልነበረም፤ ኃይሉ ገዢው ሊያውቀው በሚገባ መልኩ ለብቻው መጠየቁ ላይ ነበር። ይኸው ሳንቲም በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ቁጥሩ እንደገና መጨመር ስለ ጀመረ በ2007 ክፍያው ወደ 22 ሳንቲም አደገ። ሰው ዋጋን ይለምዳልና በረቂቅዎ ውስጥ ክፍያው በየጊዜው የሚከለስበትን አንቀጽ አይርሱ።

ማምለጫውንም ይመልከቱ። “ስስ ፌስታል” ብቻ የሚል ሕግ በማግሥቱ ወፍራም ፌስታል ይወልዳል፤ ፕላስቲኩም ይብሳል። ቀድሞ ፌስታሉን ለቤት ቆሻሻ መያዣ ያደርግ የነበረው ሰው ለዚያ የሚሆን ከረጢት መግዛት ስለሚጀምር የቀነሰው ሁሉ እንዳለ ትርፍ ተደርጎ አይቆጠርም።

4. ገዢ የሌለውን ዕቃ ለሠራው ይመልሱ

ሸማቹ ተደራርቦ በተጣበቀ ማሸጊያ የሚያደርገው ነገር የለም። የማሸጊያውን ዓይነት የወሰነው ሌላ ነው፤ ሒሳቡም ወደዚያው መሄድ አለበት። አምራቹ ዕቃው ከተጣለ በኋላ ላለው ወጪም ተጠያቂ ይሁን የሚለውን ሐሳብ በ1990 ስም አውጥቶ ያቀረበው ስዊድናዊው ቶማስ ሊንድቅቪስት ነው። ጀርመን በ1991 በማሸጊያ ላይ ሕግ አድርጋ ተገበረችው።

ስህተቱ ክፍያውን በኪሎ ብቻ ማስላት ነው። እንዲያ ከሆነ ክብደት የሌለው ነገር ግን ማንም አድሶ መልሶ ጥሬ ዕቃ ሊያደርገው የማይችለው ስስ ማሸጊያ ተመራጭ ሆኖ ያርፋል። ክፍያው እንደ አሠራሩ ይለያይ። ግልጽ ጠርሙስ ጥቂት ይክፈል፣ ባለ ቀለሙ ይጨመርበት። ፒቪሲ በተባለው ፕላስቲክ የተጠቀለለ ጠርሙስ ደግሞ ይበልጥ ይክፈል፤ ጥቂት ፒቪሲ ሲቀልጥ ሙሉውን የጠርሙስ ፕላስቲክ ያበላሻልና። ልዩነቱ በማሸጊያ ንድፍ ክፍል ያለ ሠራተኛ ለአለቃው በቁጥር ሊያሳየው የሚችል ያህል መሆን አለበት።

ሌላው ጣጣ ነዳጅ ነው። አዲስ ፕላስቲክ የሚሠራው በአመዛኙ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ እርሱም ይወድቃል። በ2020 ይህ ሲሆን የታደሰው ፕላስቲክ ከአዲሱ በልጦ ተወደደ፤ አዳሾቹም ገዢ አጡ። ስለዚህ ፍላጎቱን በሕግ መደገፍ ያሻል። ብሪታንያ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ 30 በመቶ የታደሰ ፕላስቲክ በሌለው የፕላስቲክ ማሸጊያ ላይ ታክስ ጣለች፤ ሲጀመር በቶን 200 ፓውንድ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2021 ወዲህ አባል አገሮቹን ሳይታደስ ለቀረ እያንዳንዱ ኪሎ የማሸጊያ ፕላስቲክ 80 የዩሮ ሳንቲም ያስከፍላል። በዚህ የሚቀጣው የገንዘብ ሚኒስትሩ ስለሆነ ጉዳዩ ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ወጥቶ በጀት ወደሚወሰንበት ክፍል ይገባል።

5. ገንዘቡን ከሌላ በጀት ይለዩ

የተሰበሰበው ለማን እንደሚውል ሕጉ ላይ ይጻፍ፣ በየዓመቱም ይታተም። ከአጠቃላይ ግምጃ ቤት ጋር ከተቀላቀለ ሕዝቡ “ሌላ ግብር” ይለዋል፤ አይፈረድበትም።

6. ድንበሩን ይዝጉ፣ ከዚያ ይክፈቱት

እስካሁን ያለው ሁሉ በአንድ አገር ሊሠራ ይችላል። የሚያመልጠው በወደብ በኩል ነው። ከ1992 ጀምሮ በዓለም ንግድ ከተላከው የፕላስቲክ ቆሻሻ 45 በመቶ ያህሉን ትቀበል የነበረችው ቻይና በ2018 በሯን ስትዘጋ ኮንቴይነሮቹ ወደ ማሌዥያ፣ ታይላንድና ቬትናም ዞሩ። ላኪዎቹ ግን “ታድሷል” ብለው መመዝገባቸውን ቀጠሉ። በ2019 የባዝል ስምምነት (አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር መዘዋወሩን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ውል) አባል አገሮች ያደረጉት ማሻሻያ ለዚህ መልስ ነበር፦ ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ የተቀላቀለና የቆሸሸ ፕላስቲክ የሚላከው ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ይህ አንቀጽ ጥርስ የሚኖረው ግን የጉምሩክ ሠራተኛው ኮንቴይነሩን ሲከፍት ነው።

ከዚህ የሰፋ ስምምነት ለማርቀቅ ከተፈለገ አርአያው አለ። የኦዞን ሽፋንን ለመታደግ በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ሁለት ነገር አጣምሮ ነበር፦ አባል ካልሆነ አገር ጋር በሚከለከሉት ኬሚካሎች መነገድን ዘጋ፤ ትንሽ ቆይቶም አቅም ለሌላቸው አገሮች የመቀየሪያ ወጪ የሚሸፍን ፈንድ አቋቋመ። ውጭ መቅረት አከሰረ፣ መግባት ጠቀመ፤ በመጨረሻም የዓለም አገሮች ሁሉ ገቡ።

በፕላስቲክ በኩል የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ በመጋቢት 2022 ናይሮቢ ላይ አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወስኗል። በ2024 መጨረሻ ቡሳን፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ጄኔቫ ላይ የተደረጉት ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበተኑ። አንዱ ወገን ምርቱ ራሱ ገደብ ይኑረው ይላል፤ ነዳጅ አምራቾች የሚበዙበት ሌላው ወገን ስለ ቆሻሻ አያያዝ ብቻ እንነጋገር ይላል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መግባባት እንዲሆን ስለተፈለገ ጥቂቶች ብቻቸውን ሊያስቆሙት ችለዋል።

እስከዚያው ፈቃደኛ አገሮች ሁሉንም መጠበቅ የለባቸውም። የጠርሙስ መለያቸውን፣ የሚከለክሏቸውን የኬሚካል ተጨማሪዎችና የታደሰ ፕላስቲክ ዝቅተኛ ድርሻን አንድ ዓይነት ማድረግ ይችላሉ። ሦስት ትልልቅ ገበያዎች ተመሳሳይ ጠርሙስ ከጠየቁ ለአራተኛው ብቻ ሌላ የማምረቻ መስመር ማቆየት አምራቹን አያዋጣውም።